ወር በገባ በ23

የዓድዋ ድል 150ኛ ዓመት የካቲት 23 ቀን 2038 ዓ.ም. ይውላል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ደብተራ ወረቀትና እርሳስ ሳይሻ በጣቱ ቈጥሮ እንደሚነግረን፥ የዚያ ዓመት መጥቅዕ 7 ነው፤ በዓለ መጥቅዕም በጥቅምት 7 ቀን ማክሰኞ ስለሚውል፥ የማክሰኞን ተውሳክ 5 ብንጨምርበት መባጃ ሐመሩ 12 ይሆናል፤ እንግዲህ ጾመ ነነዌ የካቲት 12 ቀን፥ ማለት የሰማዕታት መታሰቢያ በሆነው ዕለት ይገባል፤ ዐቢይ ጾምም ከዚያ 14 ቀን አልፎ የካቲት 26 ቀን ሰኞ ይጀምራል። የድሉ ዕለት በአብዛኛው ዓመት ከሁዳዴ ውስጥ የማይወጣ ሲሆን፥ በዚያ ዓመት ከጾሙ መያዣ በሦስት ቀን ቀድሞ ያመልጣል ማለት ነው፤ ነገር ግን ዕለቱ ዓርብ ነውና፥ ለ150ኛው ዓመት በሬ የሚጥል ማኅበር ቢኖር ሥጋውን ለቅዳሜ ማሳደር ይኖርበታል።

ለታላቅ ክብረ በዓል የሚሰናዳ የዛሬ ማኅበር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው የገንዘብ፥ የእንግዳ ጥሪና የአዳራሽ ነገር ነው፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። የቀደሙት ሰዎች ግን አስቀድመው የሚጠይቁት ቀኑ ከየትኛው ጾም፥ ከየትኛው ቅዱስ፥ ከየትኛው ዕለት ጋራ እንደሚገጥም ነበረ፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ለመግለጽ የምሻው፥ የዓድዋ መታሰቢያ ከመንግሥት ዐዋጅና ከአደባባይ ሐውልት ይልቅ በዚህ ዓይነቱ ቈጠራ ተጠግቶ እስከ ዘመናችን እንደ ተሻገረ፥ ከዚህም ርስት የሚገኘው ጥቅምና የሚታየው ጕድለት ምን እንደ ሆነ ነው።

ጦርነቱ የተደረገበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነበረ፤ ከዐቢይ ጾም ሰንበታትም አራተኛው፥ 38 ዓመት በደዌ ተይዞ በአልጋው ላይ የኖረው ሰው የተፈወሰበት ወንጌል የሚነበብበት መፃጉዕ ነበረ፤ ከወሩ ቀኖችም 23ኛው እንደ መሆኑ ወርኃዊው የቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ነበረ። የጣልያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ ሠራዊቱን በአልቤርቶኔ፥ በአሪሞንዲና በዳቦርሚዳ አዛዥነት በሦስት ብርጌድ ከፍሎ፥ አራተኛውን በኤሌና እጅ ለደጀን አቁሞ፥ ከ17,000 በላይ ሰውና 56 መድፍ ይዞ በሌሊት ሲገሠግሥ፥ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከመሳፍንቱና ከመኳንንቱ ጋራ በቅዳሴ ላይ ነበሩ፤ የጠላት መምጣት ወሬም የደረሳቸው ከዚያው ከጸሎቱ ሥፍራ ሳሉ እንደ ሆነ የዘመኑ ሰዎች ተርከውታል። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ከሠራዊቱ ጋራ ወጥተው ነበር፤ ታቦተ ጊዮርጊስም አብሮ ዘምቶ ነበር ይባላል። ቀኑ ሳይመሽ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ወደቁ፥ አልቤርቶኔ ተማረከ፥ ባራቲየሪም የተረፈውን ይዞ ሸሸ።

የጦር ሊቃውንት የድሉን ምክንያት በየበኩላቸው ይተነትኑታል። የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ ያሳሳተው የጣልያኖች ካርታ አልቤርቶኔን ከጓደኞቹ ነጥሎ ወደ ፊት እንደ ወሰደው፥ በክተት ዐዋጅ ከየአገሩ የተሰበሰበው ሠራዊት 100,000 ያህል እንደ ነበረ፥ በእጁ የያዘውም ጠመንጃ ቀላል እንዳልነበረ ይቈጥራሉ፤ ሁሉም እውነት ነው። ከዘመቻው ወደ ቀየው የተመለሰው ባላገር ወታደር ግን የብርጌዱን ስምና የካርታውን ስሕተት ከቶ አያውቅም፤ ለሚስቱና ለልጆቹ ሲናገር ቀኑ የጊዮርጊስ እንደ ነበረ፥ ሰማዕቱም በነጭ ፈረሱ ሆኖ ከወገን ጋራ እንደ ተሰለፈ ይናገር ነበር። የታሪክ ሰው ይህን ሰምቶ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ለመታሰቢያ ጽናት የዋለው የካርታው ጕዳይ ሳይሆን ይህ ንግግር ነው፤ ምክንያቱም የጊዮርጊስ ቀን በየወሩ ይመጣል፤ በየወሩም የሚቀበለው የተደራጀ ማኅበር ነበረው።

የጽዋ ማኅበር ሥርዓት ለአንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ሆኖም ዝርዝሩን ማንሣት ለነገራችን አስፈላጊ ነው። ምእመናን፥ አንዳንዶቹ በሐዋርያት ቍጥር 12 ሆነው፥ ሌሎቹም ከዚያ በዝተው፥ በአንድ ቅዱስ ስም ይማማላሉ፤ ከመካከላቸው በዕድሜና በምግባር የተመሰገነውን መርጠው ሙሴ ብለው ይሾሙታል፤ የአንዱም ካህን አባትነት ይታከልበታል። ወር በገባ ቍጥር በዚያ ቅዱስ ቀን በተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ተረኛው ዳቦ ጋግሮ፥ ጠላ ጠምቆ፥ እንደ ዐቅሙ ወጥ ሠርቶ ይጠብቃል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ዳቦውን ባርኮ ይቈርሳል፤ ጸበል ጻዲቁ ለደጅ ጠኚውና ለነዳያን ሳይቀር ይደርሳል። ቀኑ ሲጨልም፥ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ በመዝሙርና በእልልታ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፤ ተቀባዩም ጐንበስ ብሎ ያነሣዋል፤ በዚያችም ሰዓት የሚመጣው ወር ግዴታ በእርሱ ላይ ይወድቃል። የቀረ ይቀጣል፥ የተጣላ በሙሴው ፊት ይታረቃል፥ የታመመ ይጠየቃል፥ የሞተ ይቀበራል። አባት ሲሞት ደግሞ ልጅ የአባቱን ጽዋ ያነሣል፤ በዚህም ማኅበሩ ከመሥራቾቹ ዕድሜ አልፎ ይኖራል።

የዚህን ሥርዓት ኀይል ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። ከየካቲት 23 ቀን 1888 እስከ የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ መንግሥት ሊያከብረው የሚችለው የድል በዓል 130 ጊዜ ሲሆን፥ የጊዮርጊስ ቀን ግን 1,560 ጊዜ መጥቷል። ከዓድዋ የተመለሰ ማኅበርተኛ በዓመት 12 ጊዜ ከጓደኞቹ ጋራ ሲቀመጥ፥ ጠላው አንድ ሁለት ሲባል፥ በመደቡ ጥግ ተቀምጠው የሚሰሙ ልጆች የአሸናፊነቱን ወሬ እንደ ዳዊት ደጋግመው ይሰሙት ነበር ማለት ነው። ዐዋጅ አውጥቶ፥ ጽሕፈት ቤት ከፍቶ፥ ይህን ያህል ጊዜ ሕዝቡን በአንድ ነገር ላይ የሰበሰበ መሥሪያ ቤት በአገራችን አላውቅም።

ድሉን በግልጥ በድንጋይ ያኖረው የመንግሥቱ ከተማ ነው። በአራዳ የሚገኘው ባለ ስምንት ማዕዘኑ የመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ከድሉ በኋላ እንደ አዲስ የታነጸ ሲሆን፥ በሥራው ላይ የጣልያናዊው መሐንዲስ የሴባስቲያኖ ካስታኛ ስም ይነሣል። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በየካቲት 1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚህ ነው፤ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተቀቡት በዚሁ ነው፤ የዘውድ በዓላቸውም ለወርኃዊው የጊዮርጊስ ቀን መዋሉ ያለ ምክንያት አይመስልም። በዋዜማው ጥቅምት 22 ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የዐፄ ምኒልክ የፈረስ ላይ ሐውልት ተመረቀ። እንዲህ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑ፥ ሐውልቱና የወሩ ቀን በአንድ አደባባይ ተገናኙ፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ የአገሩ መንግሥት ሁሉ፥ ወዶም ሆነ ሳይወድ፥ የካቲት 23 ቀን አበባውን ይዞ ወደዚያ ሲወጣ ኖሯል።

ሠዓሊዎቹ ደግሞ ከሐውልት ቀራጩ ቀድመው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት ያደጉት ሊቃውንት የዓድዋን ጦርነት በሸራ ላይ ሲሥሉ ያገኙት ቅርጽ ለብዙ ዘመን አልተለወጠም፤ በግራ ኢትዮጵያውያን፥ በቀኝ ጣልያኖች፤ ዐፄ ምኒልክ በጥላ ሥር፥ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ሽጉጥ ይዘው፥ ጳጳሱ መስቀል ይዘው፥ ባልቻ ከመድፉ አጠገብ፤ ከሁሉ በላይ በሰማይ አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ ቀስተ ደመና የከበበው ቅዱስ ጊዮርጊስ ጦሩን ወደ ጠላት ወገን ሲሰብቅ። ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፥ ኃጥኡን በአንድ ዓይኑ የመሣል የቆየ ሕግ እዚህም ሳይዘነጋ፥ ብዙ ጊዜ ጣልያኖቹ በጐን ብቻ ይታያሉ። እነዚህ ሥዕሎች በአዲስ አበባ ለውጭ አገር እንግዶች እየተሸጡ ተበትነዋል፤ አንዱ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ሥዕሉን የገዛው አውሮፓዊ የጦርነት ሥዕል የገዛ መስሎት ይሆናል፤ የወሰደው ግን የዝክር ሥዕል ነው።

ድሉን ለማስታወስ የሚሰናዱት ኢትዮጵያውያን ብቻ አልነበሩም። የፋሽስት ኢጣልያ መንግሥት የዓድዋን ውርደት በየትምህርት ቤቱ ሲያስተምር ኖሮ፥ በ1928 ዓ.ም. መስከረም ወር ዓድዋን ሲይዝ በቀሉ እንደ ተፈጸመ ቈጠረው። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. በተያዘች ጊዜም የወራሪው ዓይን ያረፈበት ያ አደባባይ ነበረ፤ የምኒልክ ሐውልት ከመቀመጫው ተነቅሎ ተሰወረ። በየካቲት 1929 ዓ.ም.፥ በፋሽስቱ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወርውሮ በከተማው ሕዝብ ላይ እልቂት በታወጀባቸው ቀኖች፥ የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ተለኰሰ። የአክሱምም ሐውልት ወደ ሮም የተጋዘው ለበዓል ነበር፤ በጥቅምት 1930 ዓ.ም. የፋሽስቶች የሮማ ጕዞ 15ኛ ዓመት ሲታሰብ በከተማይቱ አደባባይ ተተከለ፤ እስከ 1997 ዓ.ም. ሳይመለስ፥ እስከ 2000 ዓ.ም. በቀድሞ ሥፍራው ሳይቆም ኖረ። ለራሱ በዓል ማድመቂያ የሌላውን ሕዝብ ቅርስ የሚነቅል መንግሥት፥ የዚያ ሕዝብ በዓል ምን ያህል እንደሚያስፈራው ሳይወድ ይመሰክራል።

ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ በ1934 ዓ.ም. ተመልሶ ቆመ፤ ቤተ ክርስቲያኑም ታደሰ፥ በኋላ ዘመንም የአፈወርቅ ተክሌ ሥራዎች አስጌጡት። በአደባባዩም አዲስ ዓይነት ማኅበርተኛ ታየ፤ እርሱም አርበኛው ነው። የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር አባላት፥ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፥ ለምድና ካባ ለብሰው፥ በወርቅ ጥልፍ ላይ ኒሻናቸውን ደርድረው፥ ጋሻና ጦር ወይም ያረጀ ጠመንጃ ይዘው፥ እየሸለሉና እየፎከሩ በየካቲት 12፥ በየካቲት 23 እና በሚያዝያ 27 ሲወጡ ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ይህ ማኅበር በምዕራባውያን አገር ቅርስ ለመጠበቅ ከሚቋቋሙት ማኅበራት ጋራ በሕጉና በደንቡ ይመሳሰል ይሆናል፤ በባሕርዩ ግን ከጽዋ ማኅበር የተቀዳ ነው፤ ሥርዓተ ቀብሩን፥ ችግረኛውን መርዳቱን፥ ከሁሉም ይልቅ አባት ሲያልፍ ልጁ ጎፈሩን መውረሱን ያየ ይህን አይስትም።

ለበዓሉ የሚደረገውም ስንዱነት የእጅ ሥራ ነው። ጎፈሩ ከዓመት ዓመት ብል እንዳይበላው ተራግፎ ፀሓይ ይመታዋል፤ የጋሻው ጌጥ ይወለወላል፤ የካባው ጥልፍ የተተረተረው ይጠገናል፤ ኒሻኑ በየመዐርጉ ቅደም ተከተል ይሰካል። ይህን የሚያውቁ እጆች ቍጥራቸው እያነሰ ሄዷል፤ ልብሱ የፊልም መሥሪያ ወይም የሰርግ ማድመቂያ እየሆነ የሚታይበትም ጊዜ አለ፤ ይህን ሳይ፥ መልበሱን ከመከልከል ይልቅ መልበስ የተገባው ማን እንደ ነበረ ማስተማር ይሻላል እላለሁ። ዕድሜውን ስንቈጥር ደግሞ፥ በ1933 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ ሆኖ ከአርበኛ ጋራ በረሃ የገባ ሰው በ2018 ዓ.ም. 100 ዓመት ይሞላዋል። እንግዲህ ማኅበሩ የአርበኞች መሆኑ ቀርቶ የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ወደ መሆን ተሻግሯል፤ ከዓድዋ ዘማቾች ከሆነ ደግሞ በሕይወት የቀረ ማንም የለም።

መንግሥታት ግን ቀኑን እንደ ልብሳቸው ለመለወጥ ሲሞክሩ ኖረዋል። የነጻነት በዓል ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ዓ.ም. ወደ መናገሻቸው የገቡበት ሚያዝያ 27 ነበረ፤ ከተማይቱ በተያዘች በአምስተኛው ዓመት በዚያው ቀን መግባታቸውም የታሰበበት ነው። ደርግ የንጉሡ መግባት እንዳይከበር ፈልጎ በዓሉን ከተማይቱ ከጠላት ወደ ጸዳችበት ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ደርግ ከወደቀ በኋላም ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። የካቲት 23ን ግን ማንም አላዛወረው። ይህን ያደረገው የዓድዋ ክብር ብቻ ነው ለማለት እቸገራለሁ፤ ቀኑን ከሰማዕቱ ነጥሎ ወደ ሌላ ማዛወር በሕዝቡ ልማድ ላይ መነሣት እንደሚሆንም ገዢዎቹ ሳያውቁት አልቀረም።

መቶኛው ዓመት የካቲት 23 ቀን 1988 ዓ.ም. ሲከበር በአዲስ አበባና በዓድዋ የታሪክ ምሁራን ጉባኤ ተቀመጠ፤ የጉባኤው ጽሑፎችም አብዱሰመድ አሕመድና ሪቻርድ ፓንክረስት አሰናድተዋቸው በመጽሐፍ ታተሙ። ኀይሌ ገሪማም ዓድዋን የሚመለከት ፊልሙን በተከታዮቹ ዓመታት አወጣ። ከመቶኛው ዓመት ግርግር የቀረልን የታተመው ነገር ነው፤ ሰልፉንና ንግግሩን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የውጭው ዓለም ሰዎች ድሉን በምን ዓይን እንዳዩትም ያን ጊዜ ብዙ ተጻፈ፤ ከእነርሱም እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የሄይቲው ቤኒቶ ሲልቬን ነው። ይህ ሰው የድሉን ወሬ ሰምቶ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1897 ከባሕር ማዶ ተነሥቶ አዲስ አበባ ድረስ በመምጣት ዐፄ ምኒልክን ተማጠነ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ለንደን ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ተገኘ። አንድ የካሪቢያን ባሕር ሰው ድሉን የራሱ አድርጎ ለማየት አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ሲበቃው፥ የአገሬው ምሁር በመጽሐፍ ለመሰብሰብ መቶ ዓመት መጠበቁ የሚያሳዝን ነው።

ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወጣቶች ከአዲስ አበባ ተነሥተው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው እየተጓዙ የካቲት 23 ዓድዋ መድረስ ልማድ አድርገዋል። ሰሜኑ በጦርነት በተዘጋባቸው ዓመታት ዓድዋ መድረስ አልተቻለም ነበር። ይህ የጕዞ ማኅበር ከሁሉም ይልቅ የጥንቱን ዘመቻ ሥርዓት ይመስላል፤ መንገደኛው በየቀየው እየገባ እህልና ማደሪያ ይቀበላል፥ ሽማግሌዎችም የአባቶቻቸውን ዘመቻ ይነግሩታል። በ2015 ዓ.ም. በዓል ዕለት ግን በምኒልክ አደባባይና በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰበሰበው ሕዝብ በአስለቃሽ ጭስ ተበትኖ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት በየካቲት 2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በፒያሳ፥ ከአደባባዩ አጠገብ ተመረቀ። ሙዚየሙ ሰፊ ነው፥ ያማረም ነው፤ የአደባባዩን ልማድ ይተካል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ ግን የ23ን ነገር አልተረዳም።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ወደ አንድ ወገን እንዳያዘነብል፥ የዚህን ርስት ሁለት ጕድለት መናገር ይገባኛል። የመጀመሪያው፥ በዓድዋ የተሰለፈው ሠራዊት ሁሉ የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ አልነበረም። የወሎው ራስ ሚካኤል ራሳቸው በልጅነታቸው መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩ፥ ከእስልምና የመጡ መስፍን ናቸው፤ የተከተላቸው የወሎ ፈረሰኛ ደግሞ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም የተውጣጣ ነበረ፤ ከሌላውም አገር የዘመተ የየራሱን እምነት ይዞ ዘምቷል። በጽዋ የተጠበቀ መታሰቢያ ጽዋ ለማያነሣው ወንድም ቤት አይገባም፤ የዚያ ወንድም አባትም በዱዓና በራሱ ወገን ወግ ይታሰባል እንጂ በማኅበሩ ጨዋታ ውስጥ አይገኝም። ለ150ኛው ዓመት የሚሰናዳ ማኅበር አስቀድሞ ይህን ክፍተት ካልሞላ፥ የሚያዘጋጀው የአገር በዓል መሆኑ ይቀርና የደብር በዓል ይሆናል፤ የደብር በዓል ደግሞ አለቃና ካህናት አሉት፥ እርዳታውን አይሻም።

ሁለተኛው ጕድለት የመዝገብ ነው። ጽዋ ማኅበር ቃልን ይጠብቃል፥ መዝገብ ግን አያውቅም። በዚያ ቀን በኢትዮጵያ ወገን በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው ወድቋል፤ ስማቸው የተጻፈልን ግን በጣት የሚቈጠሩት ናቸው፤ አምባላጌ ላይ ውጊያውን ያለ ፈቃድ ከፍቶ የታሰረው፥ በዓድዋ ሕይወቱን የሰጠው ፊታውራሪ ገበየሁ፤ በድሉ ዋዜማ ዓመት የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርቶ ወደ ሩስያ የተጓዘው ፊታውራሪ ዳምጠው፤ እነዚህንና መሰሎቻቸውን ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይን የመሰሉ የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች አኑረውልናል። ጸሐፌ ትእዛዙ የደከሙበት የዐፄ ምኒልክ ታሪክ እንኳ በአማርኛ ለመታተም እስከ 1959 ዓ.ም. ጠብቋል፤ በልጅነታቸው በራስ መኰንን ሠራዊት መካከል ሆነው ጦርነቱን ያዩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የሕይወት ታሪክም የታተመው በ1998 ዓ.ም.፥ ከጦርነቱ 110 ዓመት በኋላ ነው። መኳንንቱ ይህን ያህል ከዘገዩ የባላገሩ ወታደር ነገር ምን ሊሆን ነው?

ስለዚህ ማኅበራቱ ለ2038 የሚሰናዱ ከሆነ ከሐውልትና ከሰልፍ በፊት የዘማቾች መዝገብ ቢከፍቱ እወዳለሁ። ሥራው ከባድ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ዘማች ብዙ ስም አለው። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት የምታደርስለት በስመ ጥምቀቱ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓለም ምኒልክ ቢሆኑም በጥምቀት ሣህለ ማርያም ናቸው፥ እቴጌይቱም ወለተ ሚካኤል ናቸው። ዘመድና ጎረቤት የሚያውቀው በዓለም ስሙ ነው። በጦር ሜዳ የተፎከረለት ደግሞ በፈረስ ስሙ ነው፤ አባ ዳኘው፥ አባ ነጋ፥ አባ ነፍሶ እየተባለ። ሙስሊሙ ዘማች በአባቱና በአያቱ ስም ይታወቃል፤ ሌላውም በጐሣው ወግ። አንድ ሰው በሦስት ስም በሦስት ገጽ ላይ እንዳይጻፍ፥ ሦስት ሰዎችም በአንድ ስም እንዳይጠቀለሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ምንጩ ግን ገና አልነጠፈም። በ1888 ዓ.ም. 20 ዓመት የሞላው ዘማች እስከ 1940ዎቹ ቢኖር፥ በጕልበቱ ላይ የተቀመጡ የልጅ ልጆቹ ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ሆነው በየማኅበሩ ሙሴ ሆነው ይገኛሉ፤ ሌሎቹም በባሕር ማዶ፥ በዋሽንግተንና በአውሮፓ ከተሞች ከልጆቻቸው ዘንድ ጽዋቸውን ይዘው ይኖራሉ። ለመዝገቡም ብዙ አምድ አያስፈልገውም፤ ስመ ጥምቀት ወይም በእምነቱ የሚጠራበት ስም፥ የዓለም ስም፥ የፈረስ ስም ያለው እንደ ሆነ የፈረስ ስም፥ የወጣበት አገር፥ የዘመተበት አለቃ፥ ተመለሰ ወይስ እዚያው ወደቀ የሚለው፥ በመጨረሻም ይህን የተናገረው ሰው ስም፥ ዕድሜና ለዘማቹ ያለው ዝምድና። ይህን የመጨረሻውን አምድ ብዙ ሰብሳቢዎች ይዘሉታል፤ የተራኪው ማንነት ያልተጻፈበት ቃል ግን በ2038 ዓ.ም. የሚመጣ መርማሪ ፊት ሲቀርብ ከተረት አይለይም።